ገንቦዋን ያስጾምሁበት ሁዳዴ

ልጄ ከዓረብ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ለዕረፍት ስትመጣ፣ ከሚኒባሱ ከሻንጣዋ በፊት ያወረደችው አንድ ክዳኑ የተበሳሳ የፕላስቲክ ምሳ ዕቃ ነበር። ከደሴ ስትነሣ ጭኗ ላይ አድርጋው፣ አቀስታ ላይ ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ጋቢዋ ውስጥ ሸጉጣው መጥታለች። መናኸሪያው ላይ አባቷ ሊስሟት ሲጠጉ፣ "አባዬ ቀስ፣ ቀስ!" አለቻቸው። ባለቤቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። በኋላ እንደ ነገሩኝ እንቁላል የያዘች መስሏቸው ነበር።

ቤት ገብታ ስትከፍተው እርጥብ ጥጥ ነው። ከጥጡ ውስጥ ከስንዝር የማታልፍ ተክል ወጣች። ቅጠሎቿ እንደ ማንኛውም ቅጠል ናቸው፤ ወፈር ያሉና አረንጓዴ። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ቅጠል ጫፍ ቀጭን ክር ይወርዳል፤ ክሩ ታች ደርሶ ወደ ላይ ይታጠፍና ጫፉ ላይ ገንቦ ይሆናል። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም። ከአውራ ጣቴ የማይበልጥ፣ ሆዱ የተነፋ፣ አፉ ከንፈር ያለው፣ ከላዩ ክዳን የቆመበት ገንቦ ነው። አረንጓዴው ላይ የጥሬ ሥጋ ቀለም ያለው ነጠብጣብ ነበረበት። ጎንበስ ብዬ ውስጡን ባይ ውሃ አለው።

"ማን ሞላባት?" አልኋት።

"ራሷ ናት የምትሞላው።"

"ከጤዛ ነው?"

"አይደለም እማ። ውሃው ከራሷ ነው የሚወጣው።"

ሌላ አልጠየቅሁም። ሰው ከዓረብ አገር ብርድ ልብስ ያመጣል፣ ወርቅ ያመጣል። የጎረቤቴ ልጅ ቴሌቪዥን ይዛ ነው የመጣችው። የእኔም ልጅ ባዶ እጇን አልመጣችም፤ ለአባቷ ካፖርት፣ ለእኔ ጫማ ይዛለች። ግን ያን ሁሉ ሻንጣው ውስጥ እንደ ነገሩ ጠቅጥቃ፣ ጭኗ ላይ ይዛ የመጣችው ይህችን ነው። ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እሷም አልነገረችኝም፤ በዚህ በዚህ እኔን ትመስላለች።

ስድስት ሳምንት ቆየች። ጠዋት ጠዋት ፊቷ ተቀምጣ ታያታለች። ተክሏ የቆመችበት ጣሳ ውስጥ ያለው አፈር አይደለም፤ የደረቀ የዛፍ ሽበት የመሰለ ነገርና የቅርፊት ስብርባሪ ነው። ልጄ ሦስት ነገር አዘዘችኝ። አፈሯን እንዳልቀይር፤ የቧንቧ ውሃ እንዳልሰጣት፣ የዝናብ ውሃ ብቻ እንድትጠጣ፤ ብርሃን ካለበት እንድትቀመጥ ግን የቀትር ፀሐይ እንዳይመታት። ከዚያ የሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርማ ጥር መጨረሻ ላይ ተመለሰች። መኪናው ሊነሣ ሲል በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ "እማ፣ አደራ!" አለችኝ። አባቷን ማለቷ መስሎኝ፣ "አታስቢ፣ እኔ እያለሁ" አልኋት።

"ገንቦዋን ነው የምልሽ።"

"እሺ" አልሁ። መኪናው ሄደ። አደራ የሚለው ቃል በእኛ ቤት እንደ ዋዛ አይነገርም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ እየተባለ ነው ያደግነው። ሰው ለሞግዚት ልጁን፣ ለጎረቤት ከብቱን አደራ ይላል። ለአንዲት ሣር አደራ ሲባል ግን መስማቴ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሆኖም እሺ ብያለሁና ልጄ እስክትመጣ በሕይወት ማቆየት ነበረብኝ።

ባለቤቴ በአጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን መሪጌታ ናቸው፤ ሰው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። እኔ ደሴ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ጡረታ እስክወጣ ድረስ መካነ ሰላም ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ቤታችን የመስታወት መስኮት ያለው አንድ ክፍል ብቻ ነው። መስኮቱ ወደ ምሥራቅ ነው፤ አጠገቡ የእመቤታችን ሥዕል ተሰቅሏል፤ ከሥዕሉ ሥር ባለቤቴ የሚጸልዩባት ትንሽ ጠረጴዛ አለች። ብርሃን ያለበት ሌላ ቦታ ስለሌለ ገንቦዋ ከዳዊታቸው አጠገብ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ያስቸገረኝ ውሃ ነው። በጥር መጨረሻ ዝናብ ከየት ይመጣል? ግንብ የሚለየን ጎረቤቴ ሙስሊም ናት፤ ልጆቻችን በአንድ ዓመት ነው ወደ ዓረብ አገር የሄዱት። እሷ ከቆርቆሮው ሥር በርሜል አላት። ለጠጉሯና ለነጭ ልብስ ሳሙናው አረፋ ያወጣል ብላ የክረምቱን ውሃ ከድና ታስቀምጣለች። ሃይላንድ ይዤ ሄድሁ።

"ለምንሽ ነው?" አለችኝ።

"ለልጄ ተክል።"

"የቧንቧውን አትጠጣም?"

"አትጠጣም።"

"እሰይ! እኛ ቧንቧ እስኪገባልን ስንት ዓመት ለመንን፣ እሷ ደግሞ ተጠየፈችው። ከዓረብ አገር የመጣ ሁሉ እንዲህ ነው እኮ። የእኔዋም ስትመጣ ውሃው ሆዴን ነፋኝ ብላ ስትነጫነጭ ነው የከረመችው። ቅጂ፣ ቅጂ፤ እንግዳ ነች።"

ከዚያ ወዲህ በጎረቤቴ ዘንድ ስሟ እንግዳዋ ሆነ። ስትገባም፣ "እንግዳዋ እንዴት አደረች?" ትላለች።

አንድ ጠዋት ባለቤቴ ዳዊት ሲደግሙ ድምፃቸው መሐል ላይ ቆመ። የባለቤቴ ዳዊት መሐል ላይ ቆሞ አያውቅም። ከጓዳ ብቅ ብዬ አየሁ። ዓይናቸው ገንቦዋ ላይ ነው። ዝንብ ከንፈሯ ላይ ቆማ ትልሳለች፤ አንድ እግሯ ሸተት አለ፣ ሌላው ተከተለ፣ ገባች። ሁለታችንም እስክትወጣ ጠበቅን። ውስጥ ለውስጥ ስትንፈራገጥ ትሰማለች። ከዚያ መሰማቷ ቀረ።

"አየሽ?" አሉኝ።

"አየሁ።"

"በላቻት?"

"እንጃ።"

በማግስቱ በክብሪት እንጨት ገለጥ አድርጌ ሳይ ዝንቧ ብቻዋን አልነበረችም። ሌሎችም አሉ፤ ክንፍ ብቻ የቀሩ አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባለቤቴ ዳዊታቸውን ወደ ጠረጴዛው ዳር ሳብ አድርገው ነው የሚያነቡት።

ነገሩ ሲከነክነኝ ወደ ድሮ መሥሪያ ቤቴ ሄጄ የባዮሎጂ አስተማሪውን ጠየቅሁት። ወጣት ነው፤ ከደጎሎ ወዲያ ነው ያገሩ ሰው። ቅጠሏንና ገንቦዋን ወረቀት ላይ ሥዬ ሳሳየው ከወንበሩ ተነሣ።

"እማማ፣ ይህችን በመጽሐፍ ሥዕሏን ነው የማውቃት። እርስዎ ቤት ናት ያለችው?"

"ዕፅ ናት ወይስ እንስሳ? እሱን ንገረኝ።"

"ዕፅ ናት። ዝንቧ ውሃው ውስጥ ትሟሟለች፤ ተክሏ የምትፈልገውን ከዚያ ትወስዳለች።"

"አፈር እያላት ለምን ዝንብ ፈለገች?"

"የምትበቅልበት አፈር ድሃ ስለሆነ ነው እማማ። አፈሯ የማይሰጣትን ከዝንብ ታገኛለች። ተማሪዎቹን ይዤ ልምጣ?"

"አይሆንም" አልሁት። ለምን እንዳልሁት አላውቅም። ቤቴ የሠላሳ ሰው እግር መግባቱ ነው መሰለኝ ያልጣመኝ።

መልሱን ለባለቤቴ ነገርኋቸው። ብዙ አሰቡበት። "ዕፅ ማክሰኞ ነው የተፈጠረው" አሉ፤ "ማክሰኞ የተፈጠረ ነገር ሐሙስና ዓርብ የተፈጠረውን ሲበላ አይቼ አላውቅም።" የቅበላው ሳምንት ነበር። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። ሁለታችንም ስለ ምን እንደምናስብ አውቀናል፤ ግን እንዴት እንደሚባል ግራ ገባን።

"ምን ላድርጋት ይላሉ?" አልኋቸው።

"እኔ ምን አውቃለሁ? ዕፅ ከሆነች ጾም የለባትም። እንስሳ ብትሆንም የለባትም፤ ላምና በግ አይጾሙም።" ከዚያ ወደ ጠረጴዛው አይተው፣ "ግን ከሥዕሉ ሥር ናት" አሉ።

ያ በቃኝ። ጥሉላት በማይገባበት ወራት፣ በየጠዋቱ በሚጸለይበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከእመቤታችን ፊት አንዲት ነገር ዝንብ እያጠመደች ስታሟሟ ትቆይ ማለት ለእኔም አልዋጥ አለኝ። ሌላ ቦታ እንዳላዞራት ብርሃን የለም፤ ትሞታለች። ስለዚህ ሦስት ሽቦ አጥፌ በላይዋ አቆምሁና ስስ ሻሽ አለበስኋት። ሻሹ ሲደርቅ ጠርዙ ይነሣና ዝንብ ከሥር ይገባል፤ እርጥብ ሲሆን ግን ከጠረጴዛው ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ጠዋትና ማታ በዝናቡ ውሃ እየነከርሁ መልሼ አለብሳት ጀመር።

ጎረቤቴ አይታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። "ሱብሃነላህ! አስጾምሻት?"

"ዝንብ እንዳይገባባት ነው።"

"እሱማ መጾም ነው። የኔታ፣ ምን አደረገችዎ?"

ባለቤቴ ዳዊታቸው ላይ እንዳጎነበሱ፣ "እኔ አላዘዝሁም" አሉ።

"ለረመዳን እኛ ቤት ትምጣ እንግዲህ። ቀን ዝንብ እንከለክላታለን፣ ሲመሽ ደግሞ እናስፈጥራታለን። የእናንተ ሃምሳ አምስት ቀን በዝቷል ለእንግዳ።"

ሃምሳ አምስቱን ቀን ሙሉ በሐሳብ ነበርሁ። ትከሳለች፣ ትሞታለች ብዬ ፈራሁ። አንዳንድ ቀን ሻሹን ገለጥ አድርጌ አንዲት ዝንብ ላስገባላት ያሰኘኝና የባለቤቴን መቀመጫ አይቼ እተወዋለሁ። ልጄ ዓርብ ዓርብ ትደውላለች፤ ዓርብ አሠሪዎቿ ለጉብኝት ስለሚወጡ ፋታ ታገኛለች። "ገንቦዋስ?" ስትለኝ፣ "ደህና ናት" እላለሁ። ስለ ሻሹ አልነገርኋትም። አባቷን ትታዘብ ይሆናል ብዬ ነው።

ከሳምንት ሳምንት ግን ያልጠበቅሁት ሆነ። ተክሏ ወፈረች። አዲስ ቅጠል አወጣች፣ የቅጠሉ ክር ወረደ፣ ጫፉ እንደ ባቄላ አበጠ፣ ከዚያ ክዳኑ ተላቅቆ ተከፈተ። በሰሙነ ሕማማት ስቆጥር ስምንት ገንቦ ነበራት፤ አዲሶቹ ከድሮዎቹ ይተልቃሉ፣ ቀለማቸውም ይበልጥ ይቀላል። ሰው ሲጾም ይከሳል። ባለቤቴ ቀበቷቸውን አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አጥብቀዋል። እሷ ሳትበላ ሰባች።

"ወላሂ ጾሙ ተስማማት" አለች ጎረቤቴ። "የኔታ፣ ከደቀ መዛሙርትዎ እሷ በለጠች።"

ባለቤቴ ፈገግ አሉ። እኔ ግን ምኑን ከምኑ እንደማገናኘው ጠፋኝ። አስተማሪው ዝንብ ምግቧ ነው ብሏል። ዝንቡን ከለከልኋት፤ አደገች። በኋላ ልጄ እንደ ነገረችኝ፣ ተክሏ ከዝንብ ይልቅ የምትወደው እርጥብ አየር ኖሯል፤ የእኛ የበጋ አየር ደረቅ ነው፣ ያን እርጥበት የሰጣት በየጠዋቱ የነከርሁት ሻሽ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚነግረኝ አልነበረም። እኔ ያሰብሁት አንድ ነገር ነው፤ ጾሟን እንደ ሰው ጾመች፣ እንደ ሰው ትግደፍ።

ለፋሲካ በግ አረድን። በእኛ ቤት የፋሲካ ዕለት ሳይደርሰው የሚቀር የለም፤ ድመቷም ጉበት ታገኛለች። ሻሹን አነሣሁ። እሷን ብቻ ዝንብ ፈልጊ ብሎ መተው ነውር መሰለኝ። ሃምሳ አምስት ቀን ለጾመ በዝንብ አይገደፍለትም። ከጥሬው ሥጋ ቀዩን፣ ስብ የሌለበትን መርጬ፣ የባቄላ ፍሬ እያሳከልሁ ቆረጥሁና ለስምንቱም ገንቦ አንድ አንድ ጣልሁላቸው።

እንኳን አደረሳችሁ ልትል የገባችው ጎረቤቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"አገደፍሻት?"

"አገደፍኋት።"

"ታዲያ እንኳን አደረሰሽ በያታ! ዝም ብለሽ ታጎርሻታለሽ?"

ሳቅን። እውነቱን ለመናገር ያን ጠዋት ደስ ብሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ለጸሎት ቆመው አፍንጫቸውን ያዙ። "አይጥ ሞቶ እንዳይሆን" አሉ። አልጋውን ሳብን፣ ሣጥኑን አነሣን፣ ምንም የለም። ሽታው ከጠረጴዛው ነበር። በሳምንቱ ገንቦዎቹ ከሥራቸው ጀምሮ ጠቆሩ፤ እንደ ከሰለ ሙዝ ለሰለሱ፣ አንድ በአንድ ከክራቸው ተንጠልጥለው ቀሩ። በክብሪት እንጨት ሥጋውን ላወጣ ብሞክር ገንቦው ራሱ ተቀደደ።

እዚህ ላይ ነበር መተው የነበረብኝ። ግን የአስተማሪው ቃል ትዝ አለኝ፤ አፈሯ ድሃ ነው። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ድሃ አፈር ምን እንደሚደረግ ማንም አያስተምረኝም። ልጄ አፈሯን አትቀይሪ ብላለች፤ እኔም አልቀየርሁም፣ ጨመርሁበት እንጂ። ለራሴ የነገርሁት እንዲህ ነው። በደንብ የበሰለ የበግ ፍግ አምጥቼ፣ በወንፊት ነፍቼ ከዚያ ሽበት መሳይ ነገር ጋር ደባለቅሁት። ድንች ቢሆን ኖሮ በሳምንቱ ይመነደግ ነበር። እሷ በሳምንቱ ቅጠሏ ከጠርዙ ቢጫ ሆነ፣ በሁለተኛው ግንዷ ከላይ ጠቆረ።

ዓርብ ስልኩ ጮኸ።

"እማ፣ ገንቦዋስ?"

"ደህና ናት።"

"ስንት ገንቦ አላት አሁን?"

"ስምንት" አልሁ።

በተከታዩም ዓርብ ስምንት አልሁ። በሦስተኛው ዓርብ ልጄ ከወትሮዋ ውጭ ብዙ አወራች። ስለ ገንቦዋ ነው የጀመረችው። የአሠሪዎቿ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ከፊት ለፊቱ ሌላ ፎቅ አለ፤ እዚያ አንዲት የሌላ አገር ልጅ እንደ እሷው ትሠራ ነበር። ከበረንዳ በረንዳ በተሰባበረ ዓረብኛ ያወራሉ። ተክሏ የዚያች ልጅ ናት፤ በአገሯ ጫካ ውስጥ ዘመዶቿ ይበቅላሉ አሉ። ውሃ የምታጠጣት ከአየር ማቀዝቀዣው የሚንጠባጠበውን በሃይላንድ አጠራቅማ ነው። አንድ ቀን ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ ተገናኙና ያዥልኝ ብላ ሰጠቻት። በሳምንቱ በረንዳው ተዘጋ።

"የት ሄደች?" አልኋት።

"አላውቅም እማ። ሲወስዷት ያየ የለም። የምጠይቀውም ሰው የለም። ስትመጣ እሰጣታለሁ ብዬ ነው የያዝኩላት፤ እዚህ አሠሪዎቼ እንዳይጥሉብኝ ነው ወደ አንቺ ያመጣኋት።"

ያን ጊዜ ነው አደራው የእኔ ብቻ እንዳልነበረ የገባኝ። ልጄም አደራ ተቀባይ ኖራለች፤ የሰው ገንዘብ ነው እጄ ላይ የሚሞተው። እንደዚያም ሆኖ፣ "እማ፣ ስምንቱም አሉ አይደል?" ስትለኝ፣ "አሉ" አልኋት። ስልኩን ዘግቼ ስዞር ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ስምንት አልሽ?"

"አልሁ።"

ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ ሳትጠይቀኝ ነገርኋት።

"ገንቦዋ ምንም የላትም። ሁሉም ጠቁረዋል፣ ግንዷም ከላይ እየደረቀ ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ነው። ስዋሽሽ ነበር።"

ከኋላዋ ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማኛል።

"ምን አደረግሻት?" አለችኝ በመጨረሻ።

"ሥጋ ሰጠኋት።"

"የምን ሥጋ?"

"የበግ።"

"ለምን?"

"ፋሲካ ነበር።"

ከወዲያ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔም አላቋረጥሁም፤ ከጀመርሁ አይቀር ብዬ ሻሹን፣ ሁዳዴውን፣ ፍጉን ሁሉ ዘረገፍሁት። ፍግ ስላት፣ "እማ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ እንደ ሐኪም ቀስ ብላ ነገረችኝ። አውጥተሽ ሥሯን በዝናብ ውሃ እጠቢ፤ የጠቆረውን ቁረጪ፤ ምንም ፍሬ ነገር በሌለው ድሃ ነገር ላይ ትከያት፤ ሻሹን አልብሻት።

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምንም አታድርጊ።"

"እንዴት ምንም?"

"ምንም። ቃል ግቢልኝ። ብትደርቅም፣ ብትረጥብም፣ ሰው ሁሉ ምን ቢልሽም።"

አጥቤ ስጨርስ የቀረችው የጣት ርዝመት ጉቶና ሦስት አራት ጥቁር ሥር ነበረች። የቀድሞው ሽበት መሳይ ነገር ከፍጉ ጋር ተበላሽቷል። ምን ላይ እንደምተክላት ሳስብ ባለቤቴ በነጠላቸው ጫፍ አንድ ነገር ቋጥረው ገቡ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጥዶች የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ነው። ደነገጥሁ። ከቅጥሩ ውስጥ ቅጠል እንኳ እንደማይወሰድ ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቃሉ።

"ከውጭ ነው" አሉኝ ፊቴን አይተው። "ነፋስ ከአጥሩ ወዲህ የጣለውን ነው የለቀምሁት። ይህ ድሃ ነው፤ ምንም የለበትም።"

ያን ሻሽ ከሥዕሉ ፊት ያስለበሱኝ ሰው ለእሷ ብለው በአጥር ዙሪያ ጎንበስ ቀና ሲሉ መዋላቸው ገረመኝ።

ምንም አለማድረግ ከሁሉ የከፋ ሥራ ነው። ከብት ሲታመም ይታሻል፣ ይታጠናል፤ ልጅ ሲታመም ይዳበሳል። እኔ ሻሽ እየነከርሁ ጉቶ አያለሁ። ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌ አለፈ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ ውሃ እንደ ልብ ሆነ፣ እሷ ግን እንዳለች ናት።

"ሞታለች እኮ" አለችኝ ጎረቤቴ አንድ ቀን፣ የወትሮ ጨዋታዋን ትታ። "ቁርጥሽን ዕወቂ። ለልጅሽም ንገሪያት፤ አላህ ይተካል።"

"ምንም እንዳላደርግ ቃል ገብቻለሁ።"

"መንገር ማድረግ ነው?"

ዓርብ ሲመጣ ልጄን፣ "እንዳለች ናት" እላታለሁ። ደርቃም እንደሆነ፣ ተኝታም እንደሆነ አላውቅምና ከዚህ የተሻለ እውነት አልነበረኝም።

መስከረም ሲገባ ጉቶዋ ሥር፣ ከሽበቱ ውስጥ፣ የምስር ፍሬ የሚያህል አረንጓዴ ነገር አየሁ። አልነካሁትም። ለማንም አልተናገርሁም፤ አረም ይሆናል ብዬ። ሳምንት ቆይቶ ቅጠል ሆነ፤ ቅጠሉ ጫፍ ላይ ክር ነበረው። ያን ጊዜ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩና፣ "ማክሰኞ ነው የተፈጠረችው" አሉ።

የሚቀጥለው ሁዳዴ ሲመጣ ሻሹ እንዳለ ነበር፤ ለጾሙ ይሁን ለእርጥበቱ አልለየንም። በፋሲካው ግን ምንም አላጎረስኋትም። ጎረቤቴ፣ "ምነው ዘንድሮ ሳትገድፍ ቀረች?" ብትለኝ፣ "ትታዋለች" አልኋት።

ልጄ ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመለስ ተክሏ ከበፊቱ ረዝማ፣ ስድስት ገንቦ ይዛ ነበር። ልጄ ከስታለች። እግሯን ታጥባ፣ እህል ቀምሳ፣ ከአባቷ ጋር ስለ መንገዱ ካወራች በኋላ ነው ወደ ጠረጴዛው የሄደችው። ሻሹን አንሥታ ቆመች።

"የልጅቱ ወሬ ተገኘ?" አልኋት።

"አልተገኘም።"

ከዚያ ከቦርሳዋ መቀስ አውጥታ ጫፉን በአረቄ ጠረገችው። ግንዷን በሁለት ጣቷ ያዘችና መቀሱን መሐሏ ላይ አደረገች።

"ተይ!" አልሁ። ጮኼ ነው ያልሁት፤ እጇንም ይዣለሁ። እኔ በቤቴ ውስጥ ጮኼ አላውቅም። ባለቤቴ ከወንበራቸው ተነሡ።

"እማ፣ አልገድላትም" አለችኝ፤ ፊቴን እያየች። "ከመሐል ስትቆረጥ ላይኛዋ ሥር ታወጣለች፣ ታችኛዋ ታቆጠቁጣለች። ሁለት ላደርጋት ነው። አንዷን ይዣት እመለሳለሁ፤ በረንዳው አንድ ቀን ይከፈት ይሆናል። አንዷ ካንቺ ጋር ትሁን።"

"ታዲያ የሰው አደራ የቷ ናት? የምትሄደው ናት የምትቀረው?"

ልጄ መቀሱን እንደያዘች አሰበች። "እኔ እንጃ" አለች። አባቷን አየች፤ እሳቸውም አላውቅም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ።

እጇን ለቀቅሁ። ስትቆርጥ እንዳትወዛወዝባት ግንዷን ከታች እኔ ያዝሁላት።